ወረቀቱ ላይ ያልነበረው

«ዝም! ማንም ትንፍሽ እንዳይል!»

መካኒኩ ይህን ብሎ ጭንቅላቱን ከተከፈተው ኮፈን ሥር ቀበረ። ቀጥቃጩ መዶሻውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ባለ ታክሲው እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ኮምፒውተሩ ምንም የለውም ብሏል እኮ» አለ ባለ ታክሲው በሹክሹክታ። «ሁለት ጋራዥ ወስጄ አስነብቤዋለሁ። መኪናህ ንጹሕ ነው ብለው መለሱኝ።»

«የሚነዳው ማነው? ኮምፒውተሩ ነው አንተ?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ ይጮኻል ካልክ ይጮኻል። አሁን ንገረኝ፣ መቼ ነው የሚጮኸው? ሲነሳ ነው? ዳገት ላይ ነው? ስትታጠፍ ነው?»

«ወደ ግራ ስታጠፍ።»

«ታዲያ እሱን አትለኝም! ግባና ወደ ግራ አዙረው።»

አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ። በሦስተኛው መካኒኩ ፈገግ አለ። የጎማው ኩሽኔታ ነበር። ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ የሚጠራው በከንቱ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና ሲያዳምጥ ኖሯል፤ ያለ ኮምፒውተር መሥራት በማይችሉት ላይ ሲያላግጥም እንደዚያው። «ማሽን የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ የማያውቀውን ሹፌሩን ጠይቅ» ይላል። ደንበኛ በገባ ቁጥር ይላል፣ ሠራተኞቹ እስኪታክታቸው ድረስ ይላል።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

«ልጄ፣ የእህትህ ውጤት መጣ።»

«ምን ይላል?»

«የለም ይላል። ከደሟም የለም፣ ከጀርባዋ ከቀዱት ውሃም የለም። ዛሬ ሊያስወጡን ነው መሰለኝ። ከእንግዲህ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዷት ብለውናል።»

«እኔስ ምን አልኩሽ? ድሮም ምንም የላትም።»

«እባክህ ና ብቻ። እኔ የሚሉት አይገባኝም።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስልኩን ሲዘጋ መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። ቱታውን አውልቆ፣ እጁን በዱቄት ሳሙና ፈትጎ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ድረስ እፎይታው አብሮት ነበር። ዋናውን መንገድ ሲይዝ ግን አፈረ። ራዲዮኑን ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። እህቱ ካልታመመች፣ የዚያ ሐሙስ ሥራው ቢያንስ ምክንያት ነበረው ማለት ነው። ከታመመች ደግሞ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይሻለዋል።

እህቱ ስድስት ዓመት የጋራዡን ስቶር ይዛለች። እሳት የላሰች ናት። «ሚጣ፣ የዚህኛው መኪና ካንዴላ» ሲሏት ከወንበሯ ሳትነሳ ስንተኛው መደርደሪያ፣ ስንተኛው ሣጥን እንደሆነ ትናገራለች። ከአምስት ሳምንት በፊት ግን አንዱን ዕቃ ለሁለት ሰው ሰጥቻለሁ ማለት ጀመረች። ጠዋት የተነገራትን ከምሳ በኋላ መልሳ ትጠይቃለች። እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ ሠራተኞቹ ያሙኛል አለች፤ ብቻዋን ስትስቅ ትቆይና ታለቅሳለች። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነካት ብሎ ይደነግጥ ነበር። ጆሮ ግን ሥራ ሰልችቷት ነው አለ።

ያ ሐሙስ ዕለት ሁለት ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ጠፋ። ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት፣ የስቶሩ በር ላይ ቆሞ ጮኸባት። እሷ ዝም ብላ ታየዋለች። ድንገት አፏ ወደ ግራ ተጣመመ፣ ግራ እጇ ተጨብጦ ወደ ላይ ብድግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ታላግጪብኛለሽ?» አላት። መልስ ሳትሰጠው ደገመችው። በጥፊ አላት። በጥፊው ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ተንገዳግዳ አፏ ከመደርደሪያው ብረት ጋር ተጋጨና የፊት ጥርሷ ተሸረፈ። ደሙን በእጅጌዋ እየጠረገች «ጋሼ፣ ምን ሆንኩ?» አለችው።

የምሯን ነበር። ዓይኗን ሲያይ ምንም እንደማታስታውስ ገባው። «መደርደሪያው መታሽ» አላት። አመነችው። እናታቸውም አመነች፤ የመርሳቷ ነገር ሲብስ ግን ሆስፒታል አስገባቻት። ለሠራተኞቹ ደግሞ «ይህን ወሬ ከዚህ ግቢ የሚያወጣ ሌላ ሥራ ይፈልግ» አላቸው። እና ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጥርሷን የሸረፈው እውነትም መደርደሪያው ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። እስቲ አሁን እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል!

የሆስፒታሉ ክፍል ሁለት አልጋ ነው። በመስኮቱ በኩል ባንክ ቤት የምትሠራ ወጣት ሴት ተኝታለች፤ ባሏ ከአጠገቧ አይጠፋም። እሷም ስትመጣ እንደ ሚጣ ስታወራ የምትውል፣ ሰው የምትጠራጠር ነበረች አሉ። አሁን ትራሷን ተደግፋ ጋዜጣ ታነባለች። በበሩ በኩል ሚጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟን ስታይ ፊቷ በራ።

«ጋሼ! መጣህ? ጥርሴ ተሸርፏል፣ አየኸው? ምን ሆኖ ነው?» ምላሷን የተሸረፈው ጥርሷ ላይ አስኬደችው።

«መደርደሪያው ነው የኔ ልጅ» አለች እናቷ፣ ልብስ እያጣጠፈች። «ዛሬ ብቻ አራቴ ነገርኩሽ።»

ጆሮ ወደ መሬት አየ። የጎረቤቷ ባል የወሬ ጥማት ነበረበትና ተጠጋው።

«የእናንተ የለም አለ አሉ?»

«አዎ፣ የለም።»

«የኔዋ አለ ብሏል» አለና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አዘረጋጉ የዲግሪ ወረቀት የሚያሳይ ነው የሚመስለው። «አየህ፣ የገዛ ሰውነቷ አንጎሏን እንደ ጠላት ቆጥሮ ነው ያጠቃው። የሚያጠቃበት መሣሪያ አንቲቦዲ ይባላል። እዚህ ጋ፣ አለ ይላል። እንቁላል ማፍሪያዋ ላይ ደግሞ እጢ ነበረ፣ እሱን አወጡላት። ይህ ወረቀት እስኪመጣ ቤተሰቧ በሙሉ አብዳለች ብሎ ፈርዶባት ነበር እኮ። እኔ ራሴ...» አለና ሚስቱን አየት አድርጎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወረቀቱን አጠፈው።

«እንኳን ማረልህ» አለ ጆሮ። ቀናበት። በወረቀት የሚቀና ሰው እሆናለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም።

ዶክተሯ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ የሚጣን ፋይል ታቅፋ ገባች። አጭር፣ ድካም ያለባት ሴት ናት። ወንበር ስባ እናትየው ፊት ተቀመጠች።

«እማማ፣ የመውጫ ወረቀቷን ልፈርም ነበር። ግን አልዋጥልኝ አለ። ታሪኩን ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ልስማው።»

«ወረቀቱ የለም ብሏል አይደል?» አለ ጆሮ፤ ድምፁ ከፈለገው በላይ ወጣ።

«ብሏል። ወረቀቱ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው ወንድሜ። ላብራቶሪው የሚያውቃቸውን አንቲቦዲዎች ፈልጎ አጣ። የማያውቃቸው አሉ። ምንም አንቲቦዲ ሳይገኝ አንጎላቸው የሚቆጣ ሰዎች አሉ፤ ቁጥራቸውም ጥቂት አይደለም።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«አብሯት የዋለ ሰው ካየው ነገር ነዋ። የቀረው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።»

ይህን ንግግር ያውቀዋል። ጠዋት ለባለ ታክሲው የተናገረው ነው፤ ሃያ ዓመት ሲኩራራበት የኖረው ነው። ደንበኛን ሁሉ ጠይቆ፣ የማያውቀውን ሹፌር ቃል አምኖ፣ የገዛ እህቱ ላይ ሲሆን ወረቀት ይዞ ቆመ።

ዶክተሯ ቀጠለች። «ከጀርባዋ በቀዳነው ውሃ ውስጥ ነጭ የደም ሴል ትንሽ ከፍ ብሏል። ኢንፌክሽን ፈልገን አጥተናል። የአንጎል ፎቶዋ ላይ ትውስታ በሚያዝበት ቦታ ነጣ ያለ ነገር አለ፤ አንዱ ሐኪም አለ ይላል፣ ሌላው የለም ይላል። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሕመሟ ሌላ ሆኖ ብሰጣት ሊብስባት ይችላል። የጠረጠርኩት የአንጎል መቆጣት ሆኖ ሳልሰጣት ብቀር ደግሞ ማስታወሷ እንደ ወጣ ይቀራል። ለዚህ ነው የምጨቀጭቃችሁ። ቀኑን ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

«ከሱ ጋር» አለች እናት። «ጋራዥ አብረው ናቸው። ጆሮ ነው የሚሉት፣ ዶክተር። የመኪና በሽታ በድምፅ ብቻ ያውቃል።»

ዶክተሯ ወደሱ ዞረች። «ፊቷ ወይም እጇ ሳታስበው ጥምዝዝ የሚልበት ጊዜ አይተው ያውቃሉ? ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያህል? ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ?»

እናቱ ታየዋለች። የጎረቤቷ ባል ያየዋል።

«አላየሁም» አለ ጆሮ።

«ጋሼ ካላየ የለም» አለች ሚጣ ለዶክተሯ፣ በኩራት። «እሱ ምንም ነገር አያመልጠውም።»

ዶክተሯ ራሷን ነቅንቃ ተነሳች። ጆሮ በቁሙ ሞተ። አሁን ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ እህቱ እንኳ አታውቅበትም። ዶክተሯ የነርሶቹ ጠረጴዛ ጋ ሆና ብዕሯን ስታወጣ በበሩ በኩል ያያታል። ተከትሏት ሮጠ ማለት ይቻላል።

«ዶክተር፣ አይፈርሙ። ዋሽቼ ነው።»

ብዕሯን ያዝ አደረገች።

«አይቻለሁ። አፏ ወደ ግራ ይጣመማል። ግራ እጇ እንዲህ ይጨበጥና ይነሳል።» አሳያት። «የምታላግጥብኝ መስሎኝ... በጥፊ መታኋት። ጥርሷ የተሸረፈው በዚያ ነው። መደርደሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ አታውቅም። እሷም አታውቅም። ላሳይዎት የምችለው ይህን ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም።»

ይቅር ይበልህ አላለችውም። አልተቆጣችውምም። «መቼ ነበር?» አለች።

«ሁለት ሳምንት ሆነው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ስቶር ውስጥ ዕቃ ከእጇ ይወድቅ ነበር። ሁልጊዜ ከግራ እጇ። ግድ የለሽ ሆነች እያልኩ እቆጣት ነበር።» ይህን እስኪናገረው ድረስ ከግራ እጇ ብቻ መሆኑን ልብ አላለውም ነበር። አቤት፣ ጆሮ ተብሎ!

ዶክተሯ ፋይሉን ገልጣ ገጾቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። አንዱ ላይ ቆመች፣ መነጽሯን ከፀጉሯ አወረደች። ከሦስት ቀን በፊት ነርሷ የጻፈችው ነበር። ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው፦ «ሕመምተኛዋ ሆን ብላ ፊቷን በማጣመም በሠራተኛው ላይ ታሾፋለች።»

«እኔም አንብቤው አልፌዋለሁ» አለች። ጉንጯ ቀላ። «ይምጡ፣ ቁጭ ብለን እንያት።»

ተመልሰው ገቡ። ዶክተሯ ለማንም ምንም ሳትገልጽ ወንበሩን ከሚጣ ፊት ለፊት አደረገች። ስለ ስቶሩ ጠየቀቻት። ሚጣ መደርደሪያዎቹን ከአንድ ጀምራ ስትዘረዝር ሦስተኛው ላይ ተምታታባትና ሳቀች። አምስት ደቂቃ ሄደ። አሥር ሄደ። ጆሮ ከእህቱ ፊት ላይ ዓይኑን አልነቀለም። በሕይወቱ አንድን ነገር እንዲህ ፈልጎም ፈርቶም አያውቅም፤ ይምጣ ይላል፣ አይምጣ ይላል።

መጣ። አፏ ወደ ግራ ተሳበ፣ ግራ እጇ ተጨብጦ ከጭኗ ላይ ብድግ አለ፣ ወረደ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሚጣ ወዲያው «የት ደርሼ ነበር?» አለች።

«አየሁት» አለች ዶክተሯ። ስልኳን አውጥታ የሚቀጥለውን ቀረጸችው፤ እሱም ብዙ አልቆየም። «ይሄ ከአንጎሏ የሚነሳ መንቀጥቀጥ ነው። ሆን ተብሎ የሚደረግ አይደለም። አሁኑኑ የአንጎል ሞገዷን ከቪዲዮ ጋር እናያለን፣ ፎቶዋንም እንደገና አብረን እናነባለን። እማማ፣ የትም አትሄዱም።»

«ወረቀቱስ?» አለች እናት ግራ ገብቷት።

«ወረቀቱ ፋይሏ ውስጥ ይቀመጣል። ሌሎች ምርመራዎች እንልካለን፤ እስኪመጡ ግን አንጠብቅም። የታሰበው ከተረጋገጠ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን መድኃኒት በደም ሥሯ እንጀምራለን፣ ለአምስት ቀን። ልሳሳት እችላለሁ፤ ይህን ደብቄ አልሰጣችሁም። ካልተሳሳትኩ ግን የባከነው ቀን ይቆጨኛል።»

ዶክተሯ ስትወጣ እናት ወደ ልጇ ዞረች። ያጣጠፈችውን ልብስ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«አንተ ይሄንን መቼ አየኸው?»

የጎረቤቷ ባል በዘዴ ሚስቱን ደግፎ ወደ መተላለፊያው ወሰዳት። እግዚአብሔር ይስጠው።

ጆሮ ነገራት። ከጥፊው ጀመረ፤ ሌላ መጀመሪያ ፈልጎ ስላጣ ነው። እናቱ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለው ነበር። 

«ከንፈሯን በጨው ውሃ ሳጥብላት አጠገቤ ቆመህ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ቆሜ ነበር።»

«ፎጣውን ያቀበልከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«እርጉም መደርደሪያ ብዬ ስራገም ሰማኸኝ።»

አንገቱን ደፋ። ሚጣ ሁለቱንም እያፈራረቀች ታያለች። «ማነው የተመታው?» አለች። ጆሮ አልጋው አጠገብ ተንበረከከና «አንቺ ነሽ ሚጣዬ። የመታሁሽ እኔ ነኝ። አላጠፋሽም ነበር» አላት። ሚጣ ፊቷ ተቀያየረ። አለቀሰች፤ እጇን ነጥቃ ወደ ግድግዳው ዞረች። እናት ብርድ ልብሱን ሳበችላት። የሚገባው ይህ መሆኑን ስላወቀ አላባበላትም።

የአንጎል ሞገዷን አነሱት፣ ፎቶውንም ሦስት ሆነው አዩት። ዶክተሯ የነጣው ነገር እውነትም አለ ብላ ተመለሰች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ብልቃጡን ሰቀለች፤ ጠብታው መውረድ ጀመረ። እናት ለአምስት ቀን የሚሆን ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ሄደች። ስትወጣ ልጇን በዓይኗ እንኳ አልተሰናበተችውም። ባልና ሚስቱ ጎረቤቶቻቸው እንደገና ወደ መተላለፊያው ወጥተዋል። ክፍሉ ውስጥ ወንድምና እህት ብቻ ቀሩ።

ሚጣ ትንሽ አሸለበች። ስትነቃ ፊቷ ንጹሕ ነበር። ቁጣው የለ፣ እንባው የለ፤ እንደ ጠዋቱ ፈገግ አለችለት።

«ጋሼ! መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ደክሞሃል እንዴ? ዓይንህ ቀልቷል።» ምላሷ ጥርሷ ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ግንባሯ ተቋጠረ። «እንዴ፣ ጥርሴ! ምን ሆኖ ነው የተሸረፈው?»

ጆሮ ወደ በሩ አየ። ማንም የለም። ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልጠፋም፤ አንድ ቃል ቢል እንደዚያው ይቆይለታል። መድኃኒቱ እስኪይዝላት ድረስ ነገም ትጠይቀዋለች፣ ከነገ ወዲያም ትጠይቀዋለች፤ በእያንዳንዱ ቀንም እንደ አዲስ ታለቅስበታለች።

«እኔ መትቼሽ ነው ሚጣዬ» አለና ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። «ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»